የጥንት ጃፓን ፖርሴሊን የሠሪ ምልክት እንዴት ይነበባል?

የጃፓን ሳህን ወይም የአበባ ማስቀመጫ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ሥሩን ማየት ነው። ማየቱ አይከፋም፤ ችግሩ ብዙው ሰው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ከሥሩ ስም ያገኛል፣ ስሙን በስልኩ ይፈልጋል፣ ያው ስም ያለበት ሌላ ዕቃ በውድ ዋጋ መሸጡን ያያል፣ የእኔም ይሄው ነው ብሎ ይደመድማል። በጃፓን ፖርሴሊን ግን ምልክት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። አንዳንዱ ምስክር እውነቱን ይናገራል። አንዳንዱ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። አንዳንዱ ደግሞ ማንንም ለማታለል ሳያስብ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በቻይና የነገሠ ንጉሥ ስም ይዞ ይቀርባል። ቃሉ የሚታመነው ከዕቃው ገላ፣ ከቀለሙና ከአሠራሩ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳያፋልሱ እንዲሄዱበት እመክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመገልበጥዎ በፊት

ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ያንጥፉ፤ የጣት ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። ክዳን ያለው ዕቃ ከሆነ ክዳኑን ለብቻው ያንሡ። በእጀታው አንጠልጥለው አያንሡ፤ አሮጌ እጀታ አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ይበቃዎታል። ምልክቱን አቧራ ወይም ቅባት ከሸፈነው በራሰ ጥጥ ቀስ ብለው ያንሡት። በወርቅ ወይም በቀይ ቀለም የተጻፈውን ግን አይፈትጉ፤ በረኪናና የሚፍቅ ዱቄትም አያስነኩት። የተለጠፈ አሮጌ ወረቀት ካለ ቆሻሻ ነው ብለው አይላጡት። የሻጩ መደብር፣ የላኪው ድርጅት ወይም የቀድሞ ስብስብ ቁጥር በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ የቀረባቸው ዕቃዎች አሉ።

መጀመሪያ ገላው

በእርግጥ ፖርሴሊን ነው? ባትሪውን ከጀርባው ያብሩ። ስስ በሆነው በኩል ብርሃን ካሳለፈ፣ ገላው ነጭና ጠጣር ከሆነ፣ በጥፍር ቀስ ብለው ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ፖርሴሊን ነው። ገላው ክሬም መሰል ሆኖ ብርሃን የማያሳልፍ፣ መስታወት መሰሉ ልባስም በጥቃቅን ስንጥቆች መረብ የተሸፈነ ከሆነ ምናልባት ሳትሱማ ይዘው ይሆናል። ሳትሱማ ሸክላ ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው። ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ክብ ውስጥ ያለ መስቀል የካጎሺማ ገዢዎች የነበሩት የሺማዙ ቤተሰብ አርማ ነው፤ ሆኖም በኪዮቶና በሌሎች ከተሞች ለውጭ ገበያ በተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ላይ ስለተቀባ የሠሪውን ማንነት አይነግርም። በላቲን ፊደል «ሮያል ሳትሱማ» የሚል ካዩ ደግሞ ዘመናዊ ዕቃ ነው።

ፖርሴሊን በጃፓን የተጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኪዩሹ ደሴት በዛሬው የሳጋ ግዛት በምትገኘው አሪታ ነው። የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጦር ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ሲወር የኮሪያ ሸክላ ሠሪዎች ወደ ጃፓን ተወሰዱ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዪ ሳም ፕዮንግ በኢዙሚያማ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ድንጋይ እንዳገኘ በትውፊት ይነገራል፤ አሪታም 1616ን የልደት ዓመቷ አድርጋ ታከብራለች። ዕቃው በመርከብ የሚጫነው በአቅራቢያው ካለው ከኢማሪ ወደብ ስለነበር በወደቡ ስም ተጠራ። ስለዚህ «ኢማሪ» የሠሪ ስም አይደለም፤ ከሥር ተጽፎ አገኛለሁ ብለው አይጠብቁ።

አሁን ዕቃውን ገልብጠው የሚቆምበትን ቀለበት ይመልከቱ። ልባስ ያልነካው ጠርዝ የገላውን እውነተኛ ቀለም ያሳያል። በዘመናት አገልግሎት የተነካ ቀለበት በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ጭረቶቹም ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሄዱ ናቸው። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወይም ቡናማው እድፍ በየቦታው እኩል ከተቀባ ዕቃውን ለማስረጀት የደከመ እጅ አለ።

ከቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ነጥቦች ይፈልጉ። አሪታዎች ትልልቅ ሳህኖች በእቶኑ ሙቀት መሐላቸው እንዳይሰምጥ ከሥራቸው ሾጣጣ የሸክላ ድጋፎች ያቆሙ ነበር። ዕቃው ከእቶን ወጥቶ ድጋፉ ሲነቀል፣ ሦስት ወይም አራት አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ነጥብ የሚያካክሉ ጠባሳዎች ይቀራሉ። በቻይና ሳህኖች ላይ ይህ በአብዛኛው አይታይም። እኔ ከማንኛውም ጽሕፈት በፊት የምፈልገው እነዚህን ጠባሳዎች ነው፤ የቻይና ንጉሥ ስም የተጻፈበትን ሳህን ወደ ጃፓን የሚመልሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ምልክቱ በምን ተሠራ?

ፊደሉን ለማንበብ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ምልክቱ እንዴት እንደተቀመጠ ይለዩ፤ በዚህ ደረጃ የሚገኘው ዕውቀት ከስሙ አያንስም።

ዕቃውን ወደ ብርሃን ያዘንብሉ። ምልክቱ ሰማያዊ ሆኖ የብርሃኑ ነጸብራቅ ሳይቆረጥ በላዩ ካለፈ ከልባሱ በታች የተጻፈ ነው። በኮባልት ተጽፎ፣ ልባስ ተደርጎለት፣ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት አንድ ላይ ተተኩሷል። እንዲህ ያለውን ምልክት ዕቃው ካለቀ በኋላ ማንም ሊጨምረው አይችልም። ቀይ፣ ወርቅ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ ነጸብራቁ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ከተሰበረ፣ ጣትም ትንሽ ከፍታ ከተሰማው፣ ከልባሱ በላይ ነው። ይህ በአነስተኛ ሙቀት ለብቻው ስለሚተኮስ አንድ ነጭ ሳህን ከተሠራ ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው እጅ ሊጨመር ይችላል። በእርግጥም ብዙ ጊዜ የሆነው እንዲሁ ነው። በሜይጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) ከሴቶ ከተማና ከአሪታ ነጭ ዕቃ ገዝተው በቶኪዮና በዮኮሃማ ቀለም የሚቀቡ ቤቶች ነበሩ። ከልባሱ በላይ ያለ ስም ከገላው ሠሪ ይልቅ የቀቢውን ማንነት ይናገር ይሆናል፤ አንድ ዕቃ ሁለት ምልክት ቢይዝም አይደንግጡ።

ቀጥሎ በማጉያው ይመልከቱ። በብሩሽ የተጻፈ መስመር ሲጀምር ይወፍራል፣ ሲያልቅ ይሰላል፣ ጭረት ከጭረት በሚገናኝበት ቀለሙ ይጠራቀማል። በማኅተም የተመታው ወይም ከታተመ ወረቀት የተላለፈው ግን ውፍረቱ እኩል ነው፤ አንዳንዴም ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩበታል። የታተመ ምልክት ካለ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት መሄድ አይኖርብዎትም። በገላው ላይ ተጭኖ የገባ ምልክት ከሆነ ባትሪውን ከጎን በዝቅታ ያብሩበት፤ ካልታየ ስስ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ይሹት።

ሰማያዊው ራሱም ዕድሜ ይናገራል። በ1870 ጀርመናዊው ኬሚስት ጎትፍሪድ ቫግነር ለአሪታ ሠሪዎች የአውሮፓን ኮባልት አጠቃቀም አስተማረ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰማያዊ ደማቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ዓይን የሚወጋ ነው፤ የቀድሞው ለዘብ ያለና ወደ ግራጫ የሚሄድ ነበር። ደማቅ ሰማያዊ ያለበት ሳህን ከሥሩ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ዓመት ቢጻፍበት ሳህኑን ይመኑ።

ፊደሉን ማንበብ

ካንጂ የሚባለው የጃፓንኛ ፊደል ከላይ ወደ ታች ይጻፋል፤ ዓምዶቹ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ስድስት ፊደል በሁለት ዓምድ ከተጻፈ ከቀኙ ዓምድ ራስ ይጀምሩ። ካንጂ በአግድም ሲጻፍም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፉ ዕቃው ከጦርነቱ ወዲህ የመጣ ለመሆኑ ፍንጭ ይሰጣል።

ጃፓንኛ መማር አያስፈልግዎትም። የሚደጋገሙ ጥቂት ፊደሎች አሉና እነሱን በመልካቸው ይወቁ። «ዳይ»፣ ማለትም ታላቅ፣ አንድ አግድም መስመር አለው፤ ከላይ የሚነሣ ጭረት መስመሩን አቋርጦ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ሌላው ከመገናኛው ወደ ቀኝ ይወርዳል። «ኒ» ቁመቱ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ መካከሉ በአንድ አግድም መስመር የተከፈለ ነው። «ሆን» ቋሚና አግድም መስመር ተቋርጠው፣ ከመገናኛው ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ ወርዶ፣ ከግርጌ አንድ አጭር መስመር ተጨምሮበታል። ሦስቱ በተከታታይ ከመጡ «ዳይ ኒፖን» ብለው ያንብቡ፤ ታላቋ ጃፓን ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ በሜይጂ ዘመን ወደ ውጭ በተላኩ ዕቃዎች ላይ እጅግ ተዘውትሯል፤ ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ ግን ቀርቷል።

በአራት እኩል ክፍል በመስቀል የተከፈለ አራት ማዕዘን «ታ» ነው፤ በአሪታ ስም ውስጥ ሁለተኛው ፊደል ሆኖ ይመጣል። «ኩታኒ» የሚለው የዕቃ ዓይነት ስም ለመለየት ከሁሉ ይቀላል። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ጭረት ብቻ ነው፤ አንዱ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሄዶ ታጥፎ በመንጠቆ ያልቃል። ሁለተኛው ከላይ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ጭረቶች፣ ከሥራቸው ትንሽ ሳጥን አለው።

የምልክቱን መጨረሻ ደግሞ ልብ ይበሉ። ከግራ ጀምሮ ከሥር ወደ ቀኝ በሚሳብ ረጅም ጭረት የታቀፈ ፊደል «ዞ» ነው። በጭረት የታጨቀው፣ ከላይ ሁለት ከታች አንድ ክፍል ያለው ደግሞ «ሴይ»። ሁለቱም «ሠራው» ይላሉ፤ ከእነሱ በፊት ያለው ስም የሠሪው ወይም የቤቱ ነው። ባለ አራት ክፍሉ ሳጥን ከላይ ክፍት በሆነ ፍሬም ውስጥ ተቀምጦ ካበቃ ግን «ጋ» ነው፤ «ሣለው» ማለት ስለሆነ ስሙ የሠዓሊው ነው።

አንድ ወጥመድ ብዙ ሰው ጥሏል። ከግራ «ኒ»ን የመሰለ ሳጥን፣ ከቀኝ እግሩ ረዘም ያለ ሁለት ውስጣዊ መስመር ያለው ቅርጽ ተጣምረው አንድ ፊደል ይሆናሉ። ይህ ፊደል ከ«ዳይ» ቀጥሎ ከመጣ «ታላቁ ሚንግ» ይላል፤ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው። እሱ ቀድሞ ሌላ ፊደል ከተከተለው ግን «ሜይጂ» ሊሆን ይችላል። በአንድ ፊደል ቦታ ምክንያት የ1890 ዕቃ የ1470 የሚባለው እንዲህ ነው።

የስልክ ካሜራ ትርጉም የታተመ ፊደል ሲሆን ይረዳል፤ በብሩሽ የተቀላጠፈውን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። የተሻለው ዘዴ በስልክዎ ላይ የጃፓንኛ የእጅ ጽሕፈት መክተቢያ ከፍቶ ፊደሉን ጭረት በጭረት በጣት መሣል ነው። ስልኩ የሚያቀርባቸውን አማራጮች ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

የቻይና ነገሥታት በጃፓን ሳህን ላይ

በአሪታ ሳህኖች ሥር በብዛት ከሚገኙት ጽሕፈቶች አንዱ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግሁዋ ዘመን ተሠራ» ይላል። ቼንግሁዋ የነገሠው ከ1465 እስከ 1487 ነው፤ አሪታ ያን ጊዜ ፖርሴሊን አታውቅም። የሹዋንዴ (1426–1435) እና የጂያጂንግ (1522–1566) ስሞችም አሉ። የአሪታ ሠሪዎች የቻይናን ዕቃ እንደ አርአያ ይዘው ሲሠሩ የሥሩንም ጽሕፈት አብረው ቀዱ፤ ገዢውም ይህን የዕቃው ጌጥ አካል አድርጎ ይቀበለው ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ «የሐሰት ነው» አይበሉ፣ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው»ም አይበሉ። ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የትኛውም ጊዜ ሊሆን ስለሚችል ወደ ገላው፣ ወደ ድጋፍ ጠባሳውና ወደ ሰማያዊው ይመለሱ።

የጃፓን ዘመን ስም የያዙትም ያው ናቸው። ኤንፖ (1673–1681) እና ጌንሮኩ (1688–1704) በጊዜያቸው ተጽፈዋል፤ ኋላም ተቀድተዋል።

«ፉኩ» የሚለውን ፊደል ደግሞ በየቦታው ያገኙታል፤ መልካም ዕድል ማለት ነው። ቀኝ ጎኑ ከላይ አጭር መስመር፣ ቀጥሎ ትንሽ ሳጥን፣ ከሥሩ በአራት የተከፈለ ሳጥን ነው። ብዙውን ጊዜ በካሬ ውስጥ ይቀመጣል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በአሪታ ዕቃዎችና ካኪዬሞን በሚባለው የአሪታ ዓይነት ላይ የግርጌው ሳጥን እንደ ጠመዝማዛ ተጠምዝዞ ይጻፍ ነበር። ፉኩ ምርቃት ነው፤ የማንም ፊርማ አይደለም። በጥቁር ተጽፎ አረንጓዴ ቀለም ከተደፋበት ግን ወደ ኩታኒ ያዘንብላል።

«ኒፖን» እና የአሜሪካ ሕግ

በላቲን ፊደል የተጻፈ የአገር ስም ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ በዚህ መስክ ዓመትን የዚህን ያህል አጥብቦ የሚነግር ነገር የለም። ምክንያቱ ጥበብ ሳይሆን ቀረጥ ነው። በ1890 የወጣው የማኪንሊ የታሪፍ ሕግ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከ1891 ጀምሮ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አዘዘ። ጃፓኖች አገራቸውን የሚጠሩበትን «ኒፖን» በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ለሠላሳ ዓመት ገደማም ተቀባይነት አገኘ። በ1921 የአሜሪካ ባለሥልጣናት «ኒፖን» የጃፓንኛ ቃል እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ በ«ጃፓን» ተተካ። ስለዚህ በላቲን ፊደል «ኒፖን» ያለበት እውነተኛ ዕቃ ከ1891 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። «በጃፓን የተሠራ» የሚለው ከ1921 ወዲህ ነው። «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚለው ደግሞ የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ይዞ በቆየበት ዘመን፣ በተግባር ከ1947 እስከ 1952፣ የወጣ ነው።

የ«ኒፖን» ዕቃ በአሜሪካ የበዛው በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። በዋሽንግተን፣ በአትላንታ ወይም በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ በሚደረገው የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

ግን ይጠንቀቁ። የአገር ስም የለበትም ማለት ከ1891 በፊት ተሠራ ማለት አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ዕቃ የአሜሪካን ሕግ አይጠብቅም፤ በወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ የወደቀም ብዙ ነው፤ ከአንድ የሻይ ስብስብ ውስጥ ምልክት የተመታው ጥቂቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለአገር ውስጥ ፍጆታ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ የመንግሥት የቁጥጥር ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ የቦታው ስም በአንድ ፊደል ያጥርና ቁጥር ይከተለዋል፣ ለምሳሌ ጊፉን የሚወክል ፊደል ከቁጥር ጋር። ተራ የሩዝ ሳህን ላይ ይህን ካገኙ ዘመኑን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለይተዋል።

ደጋግመው የሚያገኟቸው ቤቶች

ኖሪታኬ ከሁሉ ይበዛል። ሞሪሙራ ጉሚ የተባለው የንግድ ቤት በ1876 ተመሠረተ፤ በ1904 ከናጎያ አጠገብ በነበረችው ኖሪታኬ ፋብሪካ አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሙሉ የምግብ ዕቃ ስብስብ የወጣው በ1914 ነው። የሎረል ቅጠል አክሊል ውስጥ ያለው ኤም የሞሪሙራ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ በ1953 በኤን ተተካ። ይህ አንድ ፊደል ብዙ ክርክር ይቆርጣል። ከጦርነቱ ቀጥሎ ጥራቱ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ድረስ ፋብሪካው የራሱን ስም ከማዋል ተቆጥቦ «ሮዝ ቻይና» በሚል ስም ሸጧል። ይህን ጥንቃቄ አከብረዋለሁ፤ ለስሙ የሚጨነቅ ቤት ምልክቱ የሚታመነው ለዚህ ነው።

ፉካጋዋ የሚል ስም ከተነሣ ከዚሁ ቤተሰብ የወጡ ሁለት ቤቶችን ይለዩ። ኮራንሻ በ1875 በአሪታ ተመሠረተ፤ ምልክቱ የኦርኪድ ቅጠልና አበባ ነው። ፉካጋዋ ሴይጂን ደግሞ ፉካጋዋ ቹጂ በ1894 አቋቋመው፤ ምልክቱ የፉጂ ተራራና ከሥሩ የሚፈስ ውሃ ነው። ሁለቱም ዛሬም ስለሚሠሩ የተራራው ወይም የኦርኪዱ መኖር ብቻውን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም።

ኩታኒ ከዛሬዋ ኢሺካዋ ግዛት ነው። «አሮጌ ኩታኒ» የሚባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ አብዛኛው በአሪታ እንደተሠራ ዛሬ ይታመናል። «ኩታኒ» የሚለውን ስም በቀይ ወይም በወርቅ የያዘው ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መነቃቃት ወዲህ የመጣ ነው። ከጌቶቹ ሁሉ የገነነው ኩታኒ ሾዛ ከ1816 እስከ 1883 ኖረ፤ ስሙ ገበያ ስለነበረው እሱ ባልነካቸው ብዙ ዕቃዎች ላይ ተጽፏል። ስሙን ባነበቡበት ቅጽበት ሥዕሉን በማጉያ ይመርምሩ፤ የወርቁ መስመር ካልተስተካከለ፣ ፊቶቹ በጥድፊያ ከተሣሉ፣ ስሙን ይተዉት።

ሚያጋዋ ኮዛን (1842–1916) ከኪዮቶ ወደ ዮኮሃማ ሄዶ የማኩዙን እቶን አቆመ። አራት ፊደል ያለው «ማኩዙ ኮዛን» የሚል ምልክቱ በሁለት ዓምድ፣ በፖርሴሊኑ ላይ በአብዛኛው ከልባስ በታች በሰማያዊ ይጻፋል። እቶኑ በ1945 በአየር ድብደባ ወደመ። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ አስመሳዩም ይበዛል፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባለሙያ ያሳዩ።

ምልክት የሌለው

ባዶ ሥር አያሳዝንዎ። ከጃፓን ፖርሴሊን ሁሉ ከፍተኛ የሚባለው የናቤሺማ ዕቃ በአሪታ አጠገብ በኦካዋቺ የናቤሺማ ገዢ ቤት ለስጦታ እንዲያውለው የተሠራ ነው፤ የሠሪ ስም አይጻፍበትም። የሚታወቀው በቀለበቱ ዙሪያ በሰማያዊ በተሣሉ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩ መስመሮች ነው። የጥንቶቹ የካኪዬሞን ዕቃዎችም አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ከ1659 ጀምሮ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በናጋሳኪ በኩል በገፍ ካዘዘው ዕቃም ብዙው ስም የለውም፤ አንዳንድ ሳህን መሐል የሚታየው የኩባንያው ሦስት ፊደል የደንበኛው አርማ ነው።

ከልባሱ ላይ ተቀርጾ የጠቆረ ቁጥርና አጠገቡ ትንሽ ምልክት ካገኙ ደግሞ በቀስታ ያስቀምጡት። የሳክሶኒው ገዢ ጠንካራው አውግስጦስ በድሬስደን ያከማቸው ፖርሴሊን ከ1721 ጀምሮ ሲመዘገብ እንዲህ ያለ ቁጥር ተቀርጾበታል። የባለቤት ምልክት ቢሆንም ከብዙ ሠሪ ስም ይበልጣል፤ ዕቃው በዚያ ዘመን አውሮፓ እንደነበረ ያረጋግጣልና።

አስመሳዩን መለየት

«ኒፖን» የተጻፈበት የኖሪታኬ የሎረል አክሊል በዘመናችን በተሠሩ ዕቃዎች ላይም ይታተማል። በአንዳንዱ ሐሰተኛ ላይ በኤም ፈንታ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ገብቷል፤ ይህ ለመያዝ ቀላል ነው። አክሊሉ በትክክል የተቀዳበት ግን ይከብዳል። ያን ጊዜ ገላውን ያነጻጽሩ፤ የቀድሞው ፖርሴሊን ስስ፣ ልባሱም ለስላሳ ሲሆን፣ አስመሳዩ ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው፣ ወርቁም ያንጸባርቃል እንጂ በአገልግሎት አልሳሳም። ሥሩ በምልክቱ ዙሪያ ብቻ ተፍቆ ከደበዘዘ ዕቃው በእርግጥ የተሠራበት አገር ስም ተነሥቶ ሊሆን ይችላልና አይግዙ።

ለባለሙያ ሲያሳዩ

ፎቶ የሚልኩ ከሆነ ምልክቱን ብቻ ቆርጠው አይላኩ። የዕቃውን ፊት፣ ጎኑን፣ ሙሉ ሥሩን ከቀለበቱ ጋር፣ ከዚያ ምልክቱን በቅርበት ያንሡ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ ብልጭታውን አጥፍተው ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ይጠቀሙ። የምልክቱ ራስ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አዙረው አዙረው ያንሡት። ለማመሳከር በአሪታ ያለው የኪዩሹ የሴራሚክ ሙዚየም የሺባታ ስብስብ ከ10,000 በላይ የአሪታ ዕቃዎች ይዟል፤ የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም የጃፓን ዕቃዎቹን ፎቶ በድረ ገጹ ላይ ያሳያል።

የእንጨት ሳጥን አብሮ ከመጣ ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም ያንሡ። የሠሪው ስምና ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው። ሳጥን ከሌላ ዕቃ ጋር ሊጣመር ስለሚችል ዕቃው በልኩ መግባቱን፣ የተጻፈውም የዕቃ ዓይነት ከያዙት ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከገጠመ ለሁለቱ አንድ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ያኑሩባቸው፤ ዕቃው ሲሸጥም ሲወረስም ሳጥኑ ተለይቶ እንዳይቀር።